ለአንዲት ብሎን የሚሆን መፍቻ

ባለፈው ሰንበት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ልጁን ሀብታሙን ከፊት አስቀድሞ ወደ ቤቴ መጣ። ሀብታሙ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መኪና የሚጠግን ጎልማሳ ነው። አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ነገር ሲነታረኩ ሰንብተው ኖሮ፣ እኔ እንድዳኛቸው ተስማምተው ነበር የመጡት።

«እስቲ አንተ ፍረድ፣ ጋሼ» አለ ወንድሜ፣ ጋቢውን እንኳ ሳያስተካክል። «ይህ ልጅ ደሴ ሄዶ አንገቱ የተቆለመመ መፍቻ አይቶ መጣ። አንዱ ለአንድ ዓይነት ብሎን ብቻ ነው አሉ የሚሆነው። ቤት ሙሉ መፍቻ እያለው! ነገ ደግሞ ለቀኝ እግሬ ሌላ ሱሪ፣ ለግራ እግሬ ሌላ ሱሪ ልግዛ ይለኛል።»

«አባዬ፣ ቀጥ ያለው የማይገባበት ቦታ አለ እኮ!» አለ ሀብታሙ። «አንዲት ብሎን ለመፍታት ሞተር ሙሉ ላውርድ?»

«እጅህስ? እጅ ለምን ተፈጠረ ታዲያ?»

ወንድሜ ይህን ሲናገር ክፋት አላሰበም። ቀኝ እጄ ሁለት ጣት የጎደለው በወፍጮ እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በፊት በቤታችን የተባለውን ግን አያውቅም፤ ያን ጊዜ ገና በእናታችን ጀርባ የሚታዘል ሕፃን ነበርና። የተናገረው ግን ቃል በቃል የአባታችንን ንግግር ነበር፤ ድምፁም የአባታችን ድምፅ ነበር። ሀብታሙ ሊሰናበተኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሲስም ከእጁ የናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ልቤ ከእኔ ቀድሞ ወደዚያ ዓመት ወረደ። ፍርዱን ለሌላ ሰንበት ቀጥሬ ሸኘኋቸው። አሁን የምጽፈው ያን ፍርድ ነው።

ከደብራችን በታች፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ የታቦቱ ወፍጮ ነበረች። አንድ ነጋዴ ስለቱ ሠምሮለት ለደብሩ የሰጣት ናት፤ በገቢዋ ጧፉ፣ ዕጣኑና የቁርባኑ ዘቢብ ይገዛ ነበር። ኃላፊነቷ የተሰጠው ለአባቴ ለቄስ ወርቁ ነው። አባቴ ለራሱ የማይራራ፣ ለታቦቱ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ይልቁን የማይራራ ሰው ነበር። ነድዶ የቀረውን የጧፍ ቁራጭ ከመሬት እየለቀመ እንደገና ያስቀልጥ ነበር።

ወፍጮዋን የሚያሠራት ይመር የሚባል የኩታበር ሰው ነው። ይመር ሙስሊም ነው፤ የታቦቱን ወፍጮ ሙስሊም ማሠራቱ በእኛ አገር ማንንም አያስገርምም። ጠዋት ጠዋት አባቴ ከደጃፍ ቆሞ ሲያማትብ፣ ይመር ከውስጥ «ቢስሚላሂ» ብሎ ማስነሻውን ሲያሽከረክር፣ ሞተሯ በሁለቱ ጸሎት አንድነት የምትነሣ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ቢቀር እንቢ የምትል ይመስለኝ ነበር። ከተነሣች በኋላ በጭስ መውጫዋ አፍ ላይ የተሰካው ጣሳ ማዶ ድረስ ይጮኻል፤ ያን የሰማች ሴት ሁሉ እህሏን ተሸክማ ትወጣለች።

የሞተርን ጠባይ ያስተማረኝ ይመር ነው። «ስትቆም የሞተች እንዳትመስልህ፣ ወንድም ጋሼ» ይለኝ ነበር፣ እያሾፈ በትልቅ ሰው ስም እየጠራኝ። «ትንፋሿን ውጣ ነው የምትቆመው። ሆዷ ውስጥ የታመቀ አየር አለ። ደስ ባላት ሰዓት ትተነፍሰዋለች፤ ያን ጊዜ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ከሥሩ ሽብልቅ ሳይገባ እጁን የሚሰድ ሰው እብድ ነው።»

እኔም ቃሉን እንደ ተነገረኝ ተቀበልኩት። ቆማ ስትታይ ተኝታ የምታደምጥ ፍጥረት መሰለችኝ። በአጠገቧ ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ይህች ሞተር አንድ ሕመም ነበረባት። ከከባዱ መንኮራኩር ጀርባ፣ በመንኮራኩሩና በሞተሯ ገላ መካከል በቀረው ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ አንዲት ብሎን ተሸሽጋ ትኖራለች። ሞተሯ ስትንቀጠቀጥ ብሎኗ ትላላለች፤ ጥቁር ዘይት እንደ እንባ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ወፍጮው ይቆማል። ቀጥ ያለ መፍቻ ወደዚያ ቢገባ እንኳ መዞሪያ አያገኝም። ያለው መንገድ መንኮራኩሩን ማውረድ ነው፤ እርሱም ከገበያ ጎበዛዝት ተለምነው፣ ገመድና ግንድ መጥቶ፣ ውሎ ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ይመር ብሎኗን «ምቀኛ» ብሎ ስም አወጣላት።

«ይመር! ዛሬም ምቀኛህ አለቀሰች?» ይሉታል ወረፋ የያዙት ሴቶች።

«እናንተ ስትስቁ ነው ወላሂ የምትላላው። ሳቁን ተዉና ዱዓ አድርጉ!»

ያ ዓመት እንዲህ ባለው ጨዋታ ነበር የጀመረው። መስከረም ጠብቶ፣ ገብሱ ማሸት ሲጀምር፣ ጳጳሱ ከአዝመራው በኋላ ወደ እኛ ወረዳ ይመጣሉ፣ ለሕፃናትም ዲቁና ይሰጣሉ የሚል ወሬ ተሰማ። እኔ ገና በእናቴ ማሕፀን ሳለሁ ለታቦቱ የተሰጠሁ ነኝ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ስላልበረከቱላት እናቴ፣ «ይህ ቢቆምልኝ መቅደስህን ያገለግላል» ብላ ተስላ ነበር። እኔም ንባቡን ጨርሼ፣ ዲያቆን በቅዳሴ የሚለውን ከመምህራችን ከየኔታ ዘንድ በቃሌ አጥንቼ፣ የጳጳሱን መምጣት ስጠብቅ ነበር። ማታ ማታ አባቴ ቀኝ እጄን ይዞ መስቀልና የዕጣን ማጠኛው ጽንሐ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኛል። ጽንሐ ስላልነበረን በገመድ የታሰረ ቅል እወዘውዝ ነበር። «ይህ እጅ የእኔ አይደለም፣ የእናትህም አይደለም» ይለኛል። «አደራ ነው።» አደራ ማለት ከሌላ ሰው እጅ ወስደው የገጠሙብኝ መስሎኝ፣ ከመተኛቴ በፊት የእጅ አንጓዬን እያገላበጥኩ ስፌቱን እፈልግ ነበር።

በዚያው ሰሞን ይመር አባቴን ለመነው። እኔ በደጃፉ ተቀምጬ ጥናቴን እየደገምኩ ነበር።

«አባ፣ ደሴ ከብረት ሱቅ አንገቷ የተቆለመመ መፍቻ አለች። ለዚህች ለምቀኛዋ የተሠራች ነው የምትመስለው። እሷን ቢገዙልኝ መንኮራኩር ማውረድ ይቀራል።»

«ለሌላው ብሎን ትሆናለች?»

«ለሌላውማ መፍቻ አለን።»

«እንግዲህ ለአንዲት ብሎን አንድ መፍቻ! አንተ ይመር፣ ለአንድ ቀዳዳ አንድ መርፌ የሚገዛ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ? የታቦት ገንዘብ ነው። ከጧፉ ቀንሼ ነው? ከዘቢቡ ቀንሼ ነው? ታቦቱ ጨለማ ውስጥ ይቁምና ምቀኛህ ትደሰት?»

«ሰውም ይደክማል፣ አባ።»

«ይድከም። እጅ ለምን ተፈጠረ?»

ይመር ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ይመር ሲሠራ አንዲት ዳዶ ከእጁ አምልጣ ከመንኮራኩሩ ጀርባ ወደቀች። በእንጨት ቢል፣ በሽቦ ቢል አልወጣ አለችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩና እጄን በመንኮራኩሩ ዘንጎች መካከል ሰድጄ ዳዶዋን አውጥቼ ሰጠሁት። ይመር እጄን ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው።

«ይህ እጅ ነው እንዴ? ወላሂ ከደሴ መፍቻ ይበልጣል!» ብሎ ሳቀ፤ ሴቶቹም አብረው ሳቁ። ወዲያው አንድ አሮጌ መፍቻ በመጋዝ ቆርጦ ለእጄ ልክ አደረገው። በማግሥቱ ምቀኛዋ ስታለቅስ ሽብልቁን ከመንኮራኩሩ ሥር መትቶ አስገባ፤ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ፣ እርሱ ከኋላዬ «ትንሽ… ደግሞ ትንሽ…» እያለኝ፣ አጠበቅኳት። ወፍጮዋ ወዲያው ተነሣች።

አባቴ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደ በራ ዛሬም አይጠፋኝም። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሰማይ አየ። «ተመልከት፣ ይመር! እኛ ስንከራከር እግዚአብሔር መፍቻውን በቤታችን አሳድጎት ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቆልማማው መፍቻ ነገር ተዘጋ።

እኔስ ደስታዬን በምን ልናገረው? ምቀኛዋ በላላች ቁጥር ከየኔታ ጉባኤ ተጠርቼ እሄዳለሁ። ከሩቅ መንደር እህል ተሸክመው የመጡት ሴቶች መንገድ ይለቁልኛል። «ይህን እጅ ያቆይልን!» እያሉ በዱቄት የነጣ መዳፋቸውን እጄ ላይ ያሳርፋሉ። አንዲት አሮጊት እንዲያውም እጄን ሳሙት። እጅ የሚሳመው የቄስ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጳጳሱ ሳይመጡ ሹመቴ የጀመረ መሰለኝ።

የኔታ ግን አልወደዱትም። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ተማሪውን በድምፁና በሽታው ነበር የሚለዩት። «ናፍጣው መጣ» ይላሉ ስገባ። ተማሪው ይስቃል። አንድ ቀን ግን የኔታ አልቀለዱም። የብራናው ጠርዝ ላይ የጣቴ ጥቁር አሻራ ማረፉን ሌላው ተማሪ ነግሯቸው ኖሮ፣ ጠርተው እጄን አሸተቱ። «ለአባትህ ንገረው» አሉኝ። «ለሁለት ጌታ የታጨ እጅ አንዱን ያጣል።» ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ሁለተኛው ጌታ ማን እንደሆነ አልገባኝም ነበርና። ይመርን ማለታቸው መስሎኝ ለይመር አዘንኩ።

እናቴ ማታ ማታ እጄን በእንዶድና በአመድ ታሽልኝ ነበር። ሽታው አይለቅም። እርሷ አባቴን ፊት ለፊት ተቃውማ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ አንድ ማታ ግን እያሸች፣ ዓይኗን ከእጄ ሳታነሣ ተናገረች።

«አባ፣ ያቺን ብረት ቢገዟት ምን ይጎድላል? ከበጎቼ አንዷን ይሽጡ።»

«የታቦቱ ሥራ በበግሽ ሊሠራ? ሰው ምን ይላል፣ ዘነበች? ቄስ ወርቁ ገንዘቡን በልቶ በሚስቱ በግ ሸፈነው እንዲሉኝ?»

«ሰው ያለውን ይበል። ልጁ ያድጋል፤ እጁም ያድጋል። ያን ጊዜ ይገዙ የለም?»

«ያን ጊዜ የዚያን ጊዜ ነው።»

«በጉ ይተካል፣ አባ» አለችና ንግግሯን ሳትጨርሰው ውሃውን ደፋችው።

ይህ ንግግር አባቴን ሳይነካው አልቀረም፤ ኅዳር ሲገባ ለደብራችን ክብረ በዓል ጧፍና ዘቢብ ሊገዛ ወደ ደሴ ለመሄድ ሲነሣ ይመርን አስጠራውና፣ «የዚያችን መፍቻ ልክ ስጠኝ፤ እስቲ ልያት» አለው። ይመር በደስታ የሚያደርገውን አጣ። አንድ የጧፍ ቁራጭ በእጁ አሙቆ አለሰለሰና ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም እጄን ሰድጄ ሰሙን በምቀኛዋ ራስ ላይ ተጫንኩት። ሲወጣ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ተቀርጾበት ነበር። በኅብስት ላይ የሚታተመውን ማኅተም ስለመሰለኝ ሰሙን ተሳለምኩት። አባቴ አይቶ ፈገግ አለ፤ ሰሙንም በነጠላው ጫፍ ቋጠረው።

ከደሴ ሲመለስ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ዘቢቡ፣ ሁሉም ተሟልቶ መጣ። ይመር ከወፍጮው ደጃፍ ቆሞ ጠበቀው።

«አባ፣ እሷስ?»

«አልገዛሁም» አለ አባቴ፤ ጧፉን እንደ ተሸከመ አልፎት ሄደ። እናቴ ሱቁ ውስጥ ያላገኛት መሰላት። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ። መፍቻዋ ብትመጣ ኖሮ ከየኔታ ጉባኤ የሚጠራኝ፣ እጄን የሚመርቅ ማን ነበር?

የክብረ በዓሉ ዋዜማ የወፍጮው ቀን ነበር። ከአቀስታ መንገድ ጀምሮ ሴቶች እህል ተሸክመው መጥተው ደጃፉን ሞልተውት ነበር፤ ያልተፈጨ እህል ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በዓሉን እንደ ጾም ያሳልፈዋል። እኩለ ቀን ላይ ጣሳው ጩኸቱን አቆመ። ከየኔታ ጉባኤ ሆኜ ዝምታውን ሰማሁና ሳልጠራ ተነሣሁ። የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ይመር ሽብልቁን አስገብቶ በእግሩ ፈተነው። መሬቱ ከጠዋት ጀምሮ በተንጠባጠበው ዘይት ርሶ ነበር። «ጸንቷል» አለኝ፤ እኔም እጄን ሰደድኩ። ቆራጣዋ መፍቻ የብሎኗን ራስ ያዘች። ከኋላዬ ሴቶቹ «እጅህን ይባርከው» ሲሉ እሰማለሁ። ቀስ ብሎ ብረት ሲንሸራተት የመሰለ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሞተሯ ውጣ የቆየችውን ትንፋሽ ተነፈሰች።

መንኮራኩሩ የዞረው ጥቂት ነበር፤ ብዙ አልዞረም። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው። አስቀድሞ ያየሁት የይመርን አፍ ነው፤ ተከፍቶ ድምፅ አይወጣውም ነበር። አንዲት ሴት ከስልቻዋ ዱቄት አፍሳ እጄን ሸፈነችው፤ ሌላዋም አፈሰሰች፤ ነጩ ሁሉ ወዲያው ቀላ። የማን እህል እንደነበር አላውቅም። ለበዓሉ ነበር።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠ ደረሰ። ሴቶቹ ከበውኝ ስለነበር አላየኝም።

«የትኛው እጁ ነው?» አለ።

ወደ ይመር ዞረ።

«ይመር፣ የትኛው እጁ ነው?»

«ቀኙ ነው፣ አባ።»

አባቴ እዚያው፣ በዱቄቱና በዘይቱ ላይ፣ ቁጭ አለ። የተቆጣኝ መሰለኝ። ቀኙን በመስደዴ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግራው ሆኖ ሳለ ሳልለይ ቀርቼ። «ሁለተኛ በግራዬ ነው የምሠራው፣ አባባ» አልኩት። ይህ ቃል ምን ያህል እንዳቆሰለው የዛሬው እኔ ነው የሚያውቀው፤ ያን ጊዜ ግን ለምን በሁለት እጁ ፊቱን እንደ ሸፈነ አልገባኝም።

በጭነት መኪና ላይ፣ በእህል ጆንያ መካከል፣ አቀስታ አድረን ደሴ ደረስን። የሐኪም ቤቱን ነገር እተወዋለሁ። ከዚያ ስንወጣ አባቴ ወደ መናኸሪያው አልወሰደኝም፤ ወደ አንድ የብረት ሱቅ ወሰደኝ። እኔ ከደፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እርሱ የነጠላውን ጫፍ ፈታ። ሰሙ እዚያው ነበር። ባለ ሱቁ ወጣት ሰው ነው፤ አየው፣ ደግሞ አየው።

«አባቴ፣ ባለፈው ይህንኑ ሰም ይዘው መጥተው፣ መፍቻዋን ብዙ ካገላበጡ በኋላ መልሰውልኝ የሄዱት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«አሁንስ አሰቡበት?»

«አሰብኩበት።»

ወጣቱ መፍቻዋን ከግድግዳ አውርዶ ሰሙን በአፏ ውስጥ አኖረው። ልክ ገባ። በደስታ ቀና ሲል በጨርቅ የተጠቀለለውን እጄን አየ፤ ደስታው ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ልጁ ምን ሆነ?»

«ጠቅልልልኝ» አለ አባቴ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ወደ ቤት ሳንገባ በቀጥታ ወደ ወፍጮው ወረድን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞተሯን የነካት ሰው አልነበረም። ይመር መፍቻዋን ተቀብሎ አንገቷን ወደ ክፍተቱ ሰደዳት። እርሷም ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ገብታ ምቀኛዋን ያዘች። ይመር ከውጭ ሆኖ፣ ቆሞ፣ በአንድ እጁ አዞራት፤ ብሎኗ ጠበቀች። ይመር መፍቻዋን ሲያወጣ እጁ እንኳ አልቆሸሸም ነበር።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለ አባቴ።

«ይኸው ነው፣ አባ።»

ይመር በዚያው ሳምንት ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ኩታበር ሄደ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ «ወንድም ጋሼ» አላለኝም፤ በስሜ ጠራኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ከእኔ ላይ መወሰዱን መጠርጠር የጀመርኩት።

ቢሆንም ተስፋ ነበረኝ። በዚያ ዓመት የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ጣራ ላይ ወርውረናቸው ሌሎች በቅለው ነበርና፣ ጣቶቼም ጳጳሱ እስኪመጡ ድረስ የሚበቅሉ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ከጨርቁ በላይ እየዳሰስኩ እጠብቅ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ስዳስስ አግኝታኝ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ይበቅላል» አለችኝ፤ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳትወጣ ብዙ ቆየች። የኔታ ግን አልዋሹኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው የጎደለውን እጄን በሁለት እጃቸው መካከል አኖሩት። «ክህነት ሙሉ አካል ይሻል፣ ልጄ» አሉ። «አንተ ዜማውን ተማር። ዜማ ጣት አይቆጥርም።» እኔም ሙሉ አካል ማለት እድገት ነው ብዬ፣ ቁመቴ ሲሞላ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ጳጳሱ ታኅሣሥ ላይ መጡ። የገብሱ ክምር በየአውድማው ቆሞ ነበር፤ ደብሩ ሙሉ በሰው ተሞላ። ከእኔ ጋር የተማሩት ልጆች ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ስማቸው እየተጠራ ወደ ውስጥ ገቡ። ሁሉም ከእኔ በኋላ የጀመሩ ናቸው። የኔታ ስሜን ሳይጠሩ አለፉ። እኔ ከአባቴ ጋር ከመቅደሱ ደጃፍ፣ ከምእመናኑ ፊት ቆሜያለሁ። አባቴ እንደ ሌሎቹ ካህናት ወደ ውስጥ አልገባም፤ ከእኔ ጋር ውጭ ቆመ። ወደ ጎኑ ስጠጋ ከካባው ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ትከሻዬን ወጋኝ፤ ዳስሼ አወቅኳት፤ መፍቻዋ ነበረች።

ልቤ በደስታ ዘለለ። እጅ ያልደረሰበትን የምትደርስ ብረት ናትና፣ አባቴ ነገሩን ሁሉ የሚያስተካክልበትን መንገድ ማግኘቱ ነው አልኩ። ለዚህ ነው ያመጣት አልኩ።

ሥርዓቱ ተፈጽሞ ጳጳሱ ሕዝቡን እየባረኩ ወጡ። አባቴ ከመንገዳቸው ላይ ተንበረከከ። እኔም ከአጠገቡ ተንበረከኩ። ካባውን ገልጦ መፍቻዋን በሁለት መዳፉ ላይ አድርጎ አቀረበላቸው።

«አባታችን» አለ። «አባታችን፣ መፍቻውን ገዝቻለሁ።»

ጳጳሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመንገድ ድካም ነበረባቸው፤ ከኋላቸው ሕዝቡ ይጋፋል። አባቴ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ከእርሱ አጠገብ ያለው ሕፃን እጁን በነጠላ ለምን እንደ ጠቀለለ የነገራቸው አልነበረም። የእጅ ሥራ ያለው ሰው መሣሪያውን ሊያስባርክ ያመጣ መሰላቸው። መስቀላቸውን በቆልማማዋ ብረት ላይ አሳረፉ። «ሥራህን ይባርክልህ፣ ልጄ» አሉና አለፉ። የመስቀሉን ጫፍ ሊሳለም አንገቱን ያሰገገውን ልጅ ሕዝቡ ገፍቶት ነበርና አላዩትም።

እንዲህ ሆኖ በዚያ ቀን ከቤታችን የተባረከው ብረቱ ብቻ ሆነ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም። ቅዳሴ በገባ ጊዜ፣ ሊያቆርበኝ ወደ እኔ ሲደርስ፣ ዓይኑን ከእጄ ላይ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ያይ ነበር። ብሎኗ ከዚያ ወዲያ ስትላላ መፍቻዋ ታጠብቃት ነበር፤ ወፍጮዋ አንድ ቀን እንኳ በምቀኛዋ ምክንያት ቆማ አልዋለችም። የታቦቱም ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ አልጎደለም። የጎደለው ዲያቆን ነበር።

ሞተሯ ከተነቀለች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ መፍቻዋ ግን ከእኔ ጋር ናት። በዓለም ላይ የምትሆንላት ብሎን ያለች አይመስለኝም። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ዝገቷን ጠረግሁ፤ ክብደቷ እንደማስታውሰው አይደለም፤ ቀላል ናት። የዛሬ ሳምንት ሀብታሙ ሲመጣ ግዛ እለዋለሁ፤ ብሎኗ ሳትላላ ግዛ፣ ሠራተኛ ልጅ ወደ ጋራዥህ ሳይገባ ግዛ እለዋለሁ። ወንድሜም እጅ ለምን እንደ ተፈጠረ ደግሞ ይጠይቀኝ ይሆናል። ያን ጊዜ መፍቻዋን አቀብለዋለሁ። መልሱን የማውቀው ድሮ፣ ቅል በገመድ አስሬ ስወዘውዝ ነበር። አሁን መዘምራኑ ከሚቆሙበት ቆሜ ጸናጽሉን በሦስት ጣት እይዛለሁ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ወደ ውስጥ አያለሁ፤ ሲዘጋ መጋረጃውን አያለሁ።